ጃኮብ ሌቪ ሞሬኖ

ጃኮብ ሌቪ ሞሬኖ (ሜይ 18 ቀን 1889 – ሜይ 14 ቀን 1974 እ.ኤ.አ.) በሮማንያ ተወልዶ በቪየና የተማረና ኋላ በአሜሪካ የኖረ የአእምሮ ሐኪም ነበር። ሕመምተኛው ችግሩን ተቀምጦ ከማውራት ይልቅ መድረክ ላይ ቆሞ በሰውነቱና በድምፁ እንዲጫወተው የሚያደርገውን፣ ሳይኮድራማ የተባለውን የሕክምና ዘዴ የፈጠረው እሱ ነው። የቡድን ሳይኮቴራፒን ከጀመሩት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ ነው። በሰዎች መካከል ያለውን መሳሳብና መገፋፋት በምልክትና በመስመር የሚስለው ሶሲዮሜትሪ የተባለው ጥናትም የእሱ ነው። በዚህ በኋለኛው ሥራው የተነሳ ስሙ በሕክምና መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በሶሲዮሎጂና በኮምፒውተር ሳይንስ መጻሕፍት ውስጥም ይገኛል። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ልጅነት

ሞሬኖ ራሱ ስለ ልደቱ ሲናገር፣ በ1892 ዓ.ም. ማዕበል በበዛበት ሌሊት በጥቁር ባሕር ላይ በምትጓዝ መርከብ ውስጥ እንደተወለደና መርከቧ የየትኛው አገር እንደሆነች ማንም እንዳላወቀ ይተርክ ነበር። ታሪኩ ያምራል፤ የማንም አገር ዜጋ ያልሆነ ሰው አድርጎ ያቀርበዋል። ኋላ የተገኘው መዝገብ ግን በ1889 ዓ.ም. በቡካሬስት ከተማ መወለዱን ያሳያል። ብዙ አጫጭር የሕይወት ታሪኮች አሁንም 1892ን ስለሚጽፉ አንባቢ ሁለቱን ቀኖች ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባም። ሞሬኖ ስለ ራሱ የጻፈውን ሁሉ በዚሁ ጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የሚዋሽ ሰው ስለነበረ ሳይሆን፣ ሕይወቱንም እንደ ድራማ የሚያዘጋጅ ሰው ስለነበረ ነው።

ቤተሰቡ ሴፋርዲ፣ ማለትም ዘራቸው ከስፔን ከተሰደዱ አይሁዶች የሆነ ነበር። አባቱ ሞሬኖ ኒሲም ሌቪ ነጋዴ ሲሆን ለሥራው ብዙ ጊዜ ከቤት ይርቅ ነበር። እናቱ ፓውሊና ትባል ነበር። ጃኮብ ከስድስት ልጆች የመጀመሪያው ነው። በልጅነቱ ሌቪ ይባል ነበር፤ ኋላ የአባቱን የመጠሪያ ስም ሞሬኖን የቤተሰብ ስም አድርጎ ወሰደ። ይህ ለአውሮፓውያን እንግዳ ቢመስልም የአባትን ስም ሁለተኛ ስሙ አድርጎ ለሚጠራ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግር አይለውም።

ቤተሰቡ ጃኮብ ገና ሕፃን ሳለ ወደ ቪየና ተዛወረ። ሞሬኖ ደጋግሞ የሚያወሳው የልጅነት ታሪክ አለ። የአራት ዓመት ተኩል ልጅ ሳለ ከጎረቤት ልጆች ጋር ምድር ቤት ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ጨዋታው የእግዚአብሔርና የመላእክት ነበርና ወንበር በወንበር ላይ ደርድረው ጣሪያው ድረስ ከፍ አደረጉ፤ ጃኮብም እግዚአብሔር ሆኖ ከላይ ተቀመጠ። ከልጆቹ አንዱ ለምን አትበርም ብሎ ሲጠይቀው እጁን ዘርግቶ ለመብረር ሞከረ፤ ወድቆም ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ሞሬኖ ይህን ጨዋታ የመጀመሪያው ሳይኮድራማ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ሰው ራሱን ትልቅ አድርጎ መጫወት እንደሚያስፈልገው፣ ነገር ግን ከወንበሩ በታች የሚይዘው ሰው ከሌለ አደጋ እንዳለው ከዚያ ተማርኩ ይል ነበር።

በቪየና

በቪየና ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ፍልስፍና፣ ቀጥሎም ሕክምና ተማረ፤ በ1917 ዓ.ም. በሐኪምነት ተመረቀ። ከተማዋ ያን ጊዜ የሲግመንድ ፍሮይድ ከተማ ነበረች። ሞሬኖ ተማሪ ሳለ በ1912 ዓ.ም. የፍሮይድን አንድ ትምህርት እንደሰማና ከትምህርቱ በኋላ ሁለቱ ጥቂት እንደተነጋገሩ ጽፏል። በእሱ አተራረክ፣ ፍሮይድ ሰዎችን በቢሮው ሰው ሠራሽ ሁኔታ ውስጥ እንደሚያያቸው፣ እሱ ግን በመንገድና በቤታቸው እንደሚያገኛቸው ነግሮታል፤ ፍሮይድ ሕልማቸውን ይተነትናል፣ እሱ ግን እንደገና የማለም ድፍረት ይሰጣቸዋል። ይህን ንግግር የምናውቀው ከሞሬኖ ብቻ ነው። ሆኖም በሁለቱ መንገድ መካከል ያለውን ልዩነት በትክክል ያሳያል። በፍሮይድ ክፍል ሕመምተኛው ሶፋ ላይ ይጋደማል፣ ሰውነቱ አይንቀሳቀስም፣ ሥራው ሁሉ በቃል ነው። ሞሬኖ ሰውን ከሶፋው ሊያስነሳው ፈለገ።

ፍላጎቱ ከቲዎሪ የመጣ አልነበረም። ተማሪ ሳለ በቪየና አውጋርተን በተባለው መናፈሻ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ለሕፃናት ተረት ይነግር ነበር፤ ቀስ በቀስ ተረቱን ትቶ ልጆቹ ራሳቸው እንዲጫወቱት አደረገ። አንድን ታሪክ የሰማ ልጅና ታሪኩን በእግሩ ሮጦ፣ በእጁ ይዞ፣ በድምፁ ጮሆ የሠራ ልጅ እኩል እንዳልሆኑ ያየው እዚያ ነው።

በ1913 ዓ.ም. ደግሞ ሽፒተልበርግ በተባለው የቪየና ሰፈር ወደሚኖሩ ሴተኛ አዳሪዎች ሄደ። አብረውት የሄዱት ዊልሄልም ግሩን የተባለ የአባላዘር በሽታ ሐኪምና ካርል ኮልበርት የተባለ የጋዜጣ አሳታሚ ነበሩ። ሴቶቹን ለማስተካከል ወይም ንስሐ ለማስገባት አልሄዱም፤ ይህን የሞከሩ ሌሎች ብዙ ነበሩ። ሴቶቹ ከስምንት እስከ አስር እየሆኑ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይሰበሰቡና ስለ ዕለት ችግራቸው ይነጋገሩ ጀመር፤ ፖሊስ እንደሚይዛቸው፣ ሆስፒታል እንደማይቀበላቸው፣ ጠበቃ እንደሌላቸው። ጥቂት ቆይተው ለሕመምና ለችግር ጊዜ የሚሆን ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ፤ በእኛ ቋንቋ እድር መሠረቱ ማለት ይቻላል። ሞሬኖ ኋላ እንደጻፈው፣ በቡድን ውስጥ አንዱ ለሌላው ሐኪም ሊሆን እንደሚችል መጀመሪያ የተረዳው ከእነዚህ ሴቶች ነው። የቡድን ሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሐኪሞቹ ስም ይደረደራል፤ የሽፒተልበርግ ሴቶች ስም ግን የትም የለም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሞሬኖ ከቪየና አቅራቢያ ሚተንዶርፍ በተባለ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ በሕክምና ሥራ ላይ ነበር። ካምፑ ከጦር ግንባሩ አካባቢ ከደቡብ ቲሮል የተፈናቀሉ ጣልያንኛ ተናጋሪዎች የሰፈሩበት ነበር። ቤተሰቦቹ በደረሱበት ቅደም ተከተል ወደ ባዶው ቤት ይመደቡ ነበር፤ ማን ከማን ጋር ይስማማል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሞሬኖ ጠቡና ሕመሙ ከዚህ አመዳደብ ጋር የተያያዘ መሆኑን ስላመነ በ1916 ዓ.ም. ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ፤ ሰዎቹ ራሳቸው በመረጧቸው ጎረቤቶች አጠገብ እንዲሰፍሩ ሐሳብ አቀረበ። የኋለኛው የሶሲዮሜትሪ ሐሳብ ሁሉ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በአጭሩ አለ።

ከጦርነቱ በኋላ በባድ ፎስላው ከተማ የጤና ሹምና የፋብሪካ ሐኪም ሆነ። ከታካሚዎቹ ገንዘብ ስለማይቀበል ስሙ በአካባቢው ገነነ። በቪየናም ዳይሞን የተባለ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት በ1918 ዓ.ም. መሠረተ፤ እንደ ማክስ ብሮድና ፍራንዝ ቬርፈል ያሉ ጸሐፊዎች ተሳትፈውበታል። በዚሁ ዘመን የጻፈውና በ1922 ዓ.ም. ስሙ ሳይገለጥ የታተመው መንፈሳዊ መጽሐፉ በእግዚአብሔር አንደበት የሚናገር ነው፤ ለወዳጆቹም ለጠላቶቹም ብዙ ወሬ የሰጠ መጽሐፍ ሆነ።

ባዶው ዙፋን

የሳይኮድራማ ባለሙያዎች ኤፕሪል 1 ቀን 1921ን የሙያቸው ልደት አድርገው ያከብሩታል። ያን ምሽት ሞሬኖ በቪየና ኮሜዲያንሃውስ የተባለውን ቲያትር ቤት ይዞ ነበር። ተዋናይ የለም፣ የተጻፈ ተውኔትም የለም። መጋረጃው ሲከፈት መድረኩ ላይ የሚታየው ቀይ ከፋይ የለበሰ ዙፋን፣ አክሊልና ካባ ብቻ ነው። ሞሬኖ እንደ ንጉሥ አጫዋች ለብሶ ወጣና ሕዝቡን ጋበዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ከወረደ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም፤ ኦስትሪያ በረሃብና በሁከት ውስጥ ናት። እስቲ ከመካከላችሁ መምራት እችላለሁ የሚል ይምጣና ዙፋኑ ላይ ይቀመጥ፣ እንዴት እንደሚገዛም ያሳይ፤ ፈራጁ ደግሞ ተመልካቹ ይሁን አለ። ጥቂቶች ሞከሩ። ብቁ ነው ተብሎ የተመረጠ ግን አልነበረም፤ ብዙ ሰውም አዳራሹን ጥሎ ወጣ። በማግስቱ ጋዜጦች አብጠለጠሉት፣ ሞሬኖም በዚያ ምሽት ብዙ ወዳጆቹን አጣ።

እንደ ትርዒት ከታየ ውድቀት ነው። ነገር ግን የሳይኮድራማ ዋና ነገር እዚያ አለ፤ ተመልካች የሚባል ሰው የለም፣ መድረኩም ለማንም ክፍት ነው።

በቀጣዩ ዓመት በማይዘደርጋሰ ጎዳና፣ ከኦፔራው አቅራቢያ፣ የሽቴግራይፍ ቲያትር ማለትም ያለ ጽሑፍ በድንገት የሚሠራ ቲያትር አቋቋመ። ኋላ በፊልም ዝነኛ የሆነው ፒተር ሎሬ በወጣትነቱ እዚህ ሠርቷል። ከሥራዎቹ አንዱ ሕያው ጋዜጣ ይባል ነበር፤ የዕለቱን ዜና ተዋናዮቹ ወዲያውኑ በመድረክ ይሠሩታል።

ቲያትሩን ወደ ሕክምና ያዞረው ሞሬኖ ባርባራ ብሎ የሚጠራት ተዋናይ ታሪክ ነው። ባርባራ ሁልጊዜ የዋህ፣ ቅድስት የሚመስሉ ሴቶችን ትጫወት ነበር። ከተመልካቾቹ አንዱ የነበረው ገጣሚ ወደዳትና አገባት። ብዙም ሳይቆይ ባልየው ወደ ሞሬኖ መጥቶ ሚስቱ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እንደሆነች፣ እንደምትሳደብና እንደምትማታ ነገረው። ሞሬኖ በዚያው ምሽት ባርባራን አዲስ ሚና ሰጣት፤ በመንገድ ላይ ከደንበኛዋ ጋር የምትጣላ ሴተኛ አዳሪ። ባርባራ በመድረክ ላይ ጮኸች፣ ረገጠች፣ ተማታች። ቤት ስትመለስ ረጋ አለች። ቀጥሎ ባልየውም መድረክ ላይ ወጣ፤ ሁለቱ የቤታቸውን ጠብ፣ የልጅነታቸውን ነገር በሰው ፊት ይሠሩ ጀመር። ሞሬኖ የገረመው የሁለቱ መለወጥ ብቻ አልነበረም፤ የሚያዩት ሰዎች ከሌላ ትርዒት ሁሉ ይልቅ በዚህ ይነኩ ነበር።

ይህ ታሪክ በመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ፍጻሜው ግን እንዲህ ደስ የሚል አይደለም። ጋብቻው ከጊዜ በኋላ ፈረሰ፣ ገጣሚውም ራሱን አጠፋ። ዘዴው ፈውስ ነው ብሎ ለመናገርም ሆነ ከንቱ ነው ብሎ ለመጣል ይህን አንድ ታሪክ ብቻ መያዝ አይበቃም፤ ሙሉውን ሳያውቁ መጥቀስ ግን ትክክል አይደለም።

ወደ አሜሪካ

ሞሬኖ በ1925 ዓ.ም. ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ይዞት የሄደው ድምፅን በብረት ዲስክ ላይ ለመቅዳትና መልሶ ለማጫወት የታሰበ መሣሪያ ነበር። ከመሣሪያው የጠበቀው ሀብት አልመጣም። እንግሊዝኛው ደካማ፣ የሐኪምነት ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ሆኖ ጥቂት አስቸጋሪ ዓመታትን አሳለፈ፤ ፈቃዱን በ1927 ዓ.ም. አገኘ። ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ በካርኔጊ አዳራሽ ያለ ጽሑፍ የሚሠራ ቲያትሩን እንደገና ከፈተ። የኒው ዮርክ ተመልካች ግን እንደ ቪየናው ሁሉ ከመድኃኒትነቱ ይልቅ እንደ መዝናኛ አየው።

በአእምሮ ሐኪሞች ዘንድ ስሙ የተሰማው በ1931 ዓ.ም. በቶሮንቶ በተደረገው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ስብሰባ ላይ ነው። አብርሃም ብሪል የተባለው ታዋቂ የሳይኮአናሊሲስ ሐኪም ስለ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ባሕርይ ጥናት አቀረበ። አስተያየት እንዲሰጥ የተጋበዘው ሞሬኖ ሊንከንን ትቶ ብሪልን ራሱን መተንተን ጀመረ፤ ለምን ይህን ሰው መረጠ፣ በሕይወት የሌለና መልስ የማይሰጥ ሰው እንዴት ሕመምተኛ ይሆናል እያለ። አዳራሹ ሳቀ። በዋሽንግተን የሴይንት ኤልዛቤትስ ሆስፒታል ኃላፊ የነበረው ዊልያም አላንሰን ኋይት ግን ወጣቱን ሐኪም ወደደው፣ ከዚያም ደግፎታል።

በ1932 ዓ.ም. በሲንግ ሲንግ እስር ቤት ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ እስረኞች በወንጀላቸው ዓይነት ሳይሆን አንዱ ለሌላው በሚጠቅምበት መንገድ እንዲመደቡ ሐሳብ አቀረበ። የቡድን ሳይኮቴራፒ የሚለው ስያሜ በሰፊው መሰማት የጀመረው ከዚህ ሥራ ነው።

የሃድሰን ጥናትና ሶሲዮግራም

በኒው ዮርክ ግዛት ሃድሰን በተባለ ከተማ ፍርድ ቤት የላካቸው ልጃገረዶች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። ወደ 500 የሚሆኑ ልጃገረዶች በልዩ ልዩ ቤቶች ተከፋፍለው ይኖሩበታል። በ1932 ዓ.ም. መጸው በሁለት ሳምንት ውስጥ 14 ልጃገረዶች ጠፉ፤ ይህ ከወትሮው በብዙ እጥፍ የበለጠ ነበር። አስተዳዳሪዎቹ ምክንያቱን በየልጃገረዷ ባሕርይ ውስጥ ፈለጉ። ሞሬኖ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፤ የጠፉት እርስ በርሳቸው ምን ግንኙነት ነበራቸው?

ሥራውን የሠራው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከነበረችው ከሄለን ሆል ጄኒንግስ ጋር ነው። ለእያንዳንዷ ልጃገረድ ከማን ጋር በአንድ ቤት መኖር ትፈልጊያለሽ፣ ከማን ጋርስ አትፈልጊም የሚል ጥያቄ ቀረበላት። መልሱ ሁሉ በወረቀት ላይ ተሳለ፤ አንድ ሰው አንድ ትንሽ ቅርጽ፣ አንድ ምርጫ አንድ መስመር። መውደድ በቀይ፣ መጥላት በጥቁር። ይህ ሥዕል ሶሲዮግራም ይባላል። በሥዕሉ ላይ ብዙ መስመር የሚገባባት ልጅ ኮከብ ትባላለች፤ ማንም ያልመረጣት ደግሞ ለብቻዋ ቀርታ ትታያለች። ሞሬኖ እንዳሳየው፣ መጥፋቱ የተዛመተው በእነዚህ መስመሮች ላይ ነበር። ልጃገረዶቹ ራሳቸው እንኳ ልብ ሳይሉት ሐሳቡ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በወዳጅነት ሰንሰለት ተላልፏል።

በኤፕሪል 1933 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ እነዚህ ሥዕሎች ዜና አወጣ፤ አዲስ የስሜት ጂኦግራፊ አድርጎም አቀረባቸው። በ1934 ዓ.ም. ማን ይተርፋል? የሚል ርዕስ ያለው የሞሬኖ ዋና መጽሐፍ ታተመ፤ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ሶሲዮሜትሪ የተባለውን መጽሔት መሠረተ።

ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሰው ሶሲዮግራምን ሲያይ ወዲያው ያውቀዋል። በግራፍ ቲዎሪ ኖድና ኤጅ የምንላቸው ናቸው፤ ምርጫው አቅጣጫ ስላለው አቅጣጫ ያለው ግራፍ ነው፣ ቀዩና ጥቁሩ ደግሞ ምልክት ያለው ግራፍ ያደርጉታል። ኮከብ የምትባለዋ ልጅ የሚገባባት ኤጅ ቁጥር ከፍ ያለ ኖድ ናት። ዛሬ በፌስቡክ ወይም በሌላ መረብ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚያሰላ ፕሮግራም በመሠረቱ የሃድሰንን ጥያቄ ይጠይቃል።

ከዚህም የሚገርመው ሞሬኖና ጄኒንግስ በ1938 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት ነው። ጥያቄያቸው እንዲህ ነበር፤ በሥዕሉ ላይ የምናየው ነገር በእርግጥ ወዳጅነት ነው ወይስ ሰዎች በዘፈቀደ ቢመርጡም ያው ይሆን ነበር? በሒሳቡ የረዳቸው ከቪየና የመጣው ሶሲዮሎጂስት ፖል ላዛርስፌልድ ነው። ለምሳሌ 26 ሰዎች እያንዳንዳቸው 3 ሰው በዘፈቀደ ቢመርጡ፣ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው የመመራረጣቸው ዕድል የ3/25 ካሬ ነው። ጥንዶቹ በሙሉ 325 ስለሆኑ የሚጠበቀው የተመራረጡ ጥንዶች ቁጥር 4.68 ይሆናል። በእውነተኛው ቡድን ውስጥ የተመራረጡት ጥንዶች በዕድል ከሚጠበቀው በላይ ነበሩ፤ ማንም ሳይመርጣቸው የቀሩትም እንዲሁ። ስለዚህ ምርጫው ዕድል ብቻ አይደለም። ኤርዶሽና ሬኒ ስለ ዘፈቀደ ግራፍ የጻፉት ዝነኛ ጥናት የወጣው ከዚህ ሃያ ዓመት በኋላ ነው። ይህ ሁሉ የተሠራው በእጅና በእርሳስ ነው።

ለጄኒንግስ የተሰጣት ዋጋ ከሥራዋ ያነሰ መሆኑን የዘርፉ ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቅሳሉ። የጥናቱን ሥርዓትና ስሌት በመያዝ ረገድ የእሷ ድርሻ ትልቅ ነበር፤ ሞሬኖ ሐሳብ በማፍለቅ እንጂ በጥንቃቄ በመለካት አይታወቅም።

ቢከን

በ1936 ዓ.ም. ሞሬኖ ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን በምትገኘው ቢከን ከተማ የራሱን ትንሽ የአእምሮ ሆስፒታል ከፈተ። ከሕንፃው ጋር የሚያያዝ ቲያትር አሠራ፤ ገንዘቡን የሰጠችው ገርትሩድ ፍራንቾት ቶን ናት። መድረኩ ክብ ሲሆን ሦስት ደረጃ ነበረው፣ በላዩም ሰገነት አለ። ሕመምተኛው ከታችኛው ደረጃ ጀምሮ እየተነጋገረ፣ እየተራመደ ወደ ላይኛው ይወጣል። ደረጃው ጌጥ አልነበረም፤ ሰው ወደ ሚናው ቀስ እያለ በእግሩ እንዲገባ የተሠራ ነው።

የሳይኮድራማ አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቡድኑ ይሟሟቃል፤ ይህ ማለት በእርግጥም ሰውነትን ማንቀሳቀስን ይጨምራል። ቀጥሎ አንድ ሰው ጉዳዩን ይዞ ወደ መድረክ ይወጣል፤ እሱ ዋና ባለታሪክ ነው። የሚመራው ሐኪም ዳይሬክተር ይባላል። ሌሎች የቡድኑ አባላት የባለታሪኩን አባት፣ እናት፣ አለቃ፣ የሞተ ወንድም ሆነው ይጫወታሉ። አንዱ ከኋላው ቆሞ ባለታሪኩ ሊናገር ያቃተውን በእሱ ድምፅ ይናገርለታል። ባለታሪኩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው እሱን ሲጫወት እንዲያይም ይደረጋል፤ ይህ መስታወት ይባላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሚና መለዋወጥ ነው። ከአባቷ ጋር የተጣላች ልጅ የአባቷን ቦታ ትይዛለች፤ እንደ አባቷ ትቆማለች፣ እጇን እንደ እሱ ታጣምራለች፣ ከዚያም የራሷን ጥያቄ በአባቷ አፍ ትመልሳለች። ሲያበቃ ቡድኑ ይቀመጣል። ምክር መስጠትና መተቸት ክልክል ነው፤ ያየው ነገር ከራሱ ሕይወት ምን እንዳስታወሰው እያንዳንዱ ይናገራል። ባለታሪኩ በሰው ፊት ልቡን ከከፈተ በኋላ ብቻውን እንዳይቀር ነው።

የዚህ ሁሉ መሠረት ሞሬኖ ስፖንታኒቲ ያለው ነገር ነው፤ ለአዲስ ሁኔታ ተስማሚ መልስ፣ ለአሮጌ ሁኔታ ደግሞ አዲስ መልስ የመስጠት ችሎታ። ያሰበውን ሁሉ መዘርገፍ ማለት አይደለም። ሕመም የሚመጣው ይህ ችሎታ ሲደርቅና ሰው አንድ ሚና ብቻ ሲደጋግም ነው ብሎ ያምን ነበር። ሰው ሚናን የሚጀምረውም ከሰውነቱ እንደሆነ ያስተምር ነበር፤ ሕፃን ልጅ ሌላ ምንም ከመሆኑ በፊት የሚበላ፣ የሚተኛ፣ የሚንቀሳቀስ ነው፤ እኔ የሚለው ስሜት የሚወጣው ከእነዚህ ሚናዎች ነው። ዛሬ አካልንና አእምሮን አንድ ላይ የሚያክሙ የተባሉት ዘዴዎች ብዙዎቹ ከዚህ ሐሳብ ጋር ዝምድና አላቸው።

በ1941 ዓ.ም. በዋሽንግተን ሴይንት ኤልዛቤትስ ሆስፒታልም የሳይኮድራማ ቲያትር ተሠራ። በዚያው ሆስፒታል ማሪያን ቼስ ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ ከሕመምተኞች ጋር በዳንስ መሥራት ጀመረች፤ የዳንስ ሕክምና ከተባለው ሙያ መሥራቾች አንዷ ሆነች። በ1942 ዓ.ም. ሞሬኖ የአሜሪካ የቡድን ሳይኮቴራፒና ሳይኮድራማ ማኅበርን አቋቋመ።

ዘርካ

በ1941 ዓ.ም. ዘርካ ቶማን የምትባል በአምስተርዳም የተወለደች ወጣት ታማሚ እህቷን ይዛ ወደ ቢከን መጣች። የመጣችው ለእህቷ ነበር፤ እሷ ግን በዚያው ቀረች። ከሞሬኖ ጋር ሠራች፣ ጽሑፎቹን አዘጋጀች፣ በ1949 ዓ.ም. ተጋቡ። ልጃቸው ጆናታን በ1952 ዓ.ም. ተወለደ፤ ኋላ የታወቀ የባዮኤቲክስ ምሁር ሆነ። ዘርካ በ1958 ዓ.ም. በካንሰር ምክንያት ቀኝ ክንዷን አጣች፤ ከዚያም በኋላ በመድረክ ላይ በአንድ እጇ ስትመራ ቆይታለች። የሞሬኖ አጻጻፍ የተዝረከረከ ነው፤ ሳይኮድራማ ሌላ ሰው ሊማረው የሚችል ሥርዓት ያለው ሙያ የሆነው በአብዛኛው በእሷ ነው። ባሏ ካረፈ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ አስተምራ በ2016 ዓ.ም. አረፈች።

ክርክርና የመጨረሻ ዓመታት

ሞሬኖ አብሮት ለመሥራት ቀላል ሰው አልነበረም። ሐሳቤን ሰረቁኝ የሚለው አቤቱታ በጽሑፎቹ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። አቤቱታው ግን ፍጹም መሠረተ ቢስ አልነበረም። የጌሽታልት ሕክምና መሥራች ፍሪትዝ ፐርልስ በኒው ዮርክ የሞሬኖን ስብሰባዎች ተካፍሏል፤ ፐርልስን ዝነኛ ያደረገው ባዶ ወንበርን እንደ ሰው ማናገር በሳይኮድራማ ውስጥ ቀድሞ ነበር። የትራንዛክሽናል አናሊሲስ መሥራች ኤሪክ በርንም አዳዲስ የተባሉ የእንቅስቃሴ ዘዴዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀድሞ በሞሬኖ ተሠርተው መገኘታቸውን በጽሑፍ አምኗል። በሌላ በኩል ሞሬኖ ለዘዴው ውጤት ጥብቅ ማስረጃ አላቀረበም የሚለው ትችት ተገቢ ነው። ብዙዎቹ መጻሕፍቱ የወጡት በራሱ ማተሚያ ቤት ስለነበር የሚያርመው፣ ይህ ይቆረጥ የሚለው ሰው አልነበረውም። ይህም ንባቡን ያከብደዋል።

በ1964 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሳይኮድራማ ጉባኤ በፓሪስ ተካሄደ፤ ከዚያም በኋላ ዘዴው በደቡብ አሜሪካ በተለይም በአርጀንቲናና በብራዚል በስፋት ሥር ሰደደ። በ1968 ዓ.ም. የባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

በመጨረሻው ሕመሙ ጊዜ ሞሬኖ ምግብ መውሰድ አቆመ፤ ሲጠማው ውኃ ብቻ ይጠጣ ነበር። በየአገሩ የነበሩ ተማሪዎቹ ሊሰናበቱት ወደ ቢከን መጡ። ሜይ 14 ቀን 1974 ዓ.ም. 85 ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው በቤቱ አረፈ። አስከሬኑ የተቃጠለ ሲሆን አመዱ በ1993 ዓ.ም. ወደ ቪየና ተወስዶ ፎየርሃለ ዚመሪንግ በተባለው መካነ መቃብር አረፈ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ እሱ ራሱ የተመኘው ጽሑፍ ተቀርጿል፤ ሳቅን ወደ አእምሮ ሕክምና ያመጣ ሰው እዚህ እንዳረፈ ይናገራል።